በስም ወይስ በብዕር ስም? ከሰሜን ሸዋ ሆኖ ኢንተርኔት ላይ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው

ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ አረርቲ ወይም ሸዋ ሮቢት ቁጭ ብሎ «ብሎግ ልክፈት» ወይም «የቴሌግራም ቻናል ልጀምር» የሚል ሰው የሚጻፍ ነገር አያጣም። የሚይዘው «በማን ስም ልጻፍ?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የወኔ ጉዳይ ያደርገዋል። ደፋር በስሙ ይጽፋል፣ ፈሪ ይደበቃል ይባላል። እኔ አልስማማም። ስም ማውጣትና አለማውጣት የሚወሰነው በሚጻፈው ጉዳይና በጉዳዩ ውስጥ ባሉት ሌሎች ሰዎች ነው። ለራሱ ምንም የማይፈራ ሰው እንኳ እናቱ ገበያ ስትወጣ ምን እንደሚሏት ማሰብ አለበት።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። ከብዕር ስም ተነስቶ ወደ እውነተኛ ስም መምጣት ይቻላል፤ በስም ጀምሮ መደበቅ ግን አይቻልም። በስማችሁ የወጣን ጽሑፍ ብታጠፉት ስክሪንሹቱ የሆነ ሰው ስልክ ላይ አለ። ስለዚህ ገና ያልቆረጠ ሰው በብዕር ስም ቢጀምር ሐሳቡን ለመቀየር ጊዜ ያገኛል።

1. አሥር ርዕስ ወረቀት ላይ አስፍሩ

ስልኩን አስቀምጡና ወረቀት አውጡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልትጽፏቸው የምታስቧቸውን አሥር ርዕሶች ዘርዝሩ። «ማኅበራዊ ጉዳዮች» የሚል ነገር አይሠራም፤ ልክ እንደሚወጣው ሆኖ ይጻፍ። «የጓሳ ሣር በቀሮ ሥርዓት (ነዋሪው ሣሩን በጋራ በሚጠብቅበት ልማድ) ሲጠበቅ የኖረው እንዴት ነው?»፣ «ከሚንጃር ጤፍ ገዝቶ አዲስ አበባ መሸጥ ያዋጣል?»፣ «አንኮበር ሁለት ቀን ለማደር ምን ይዤ ልሂድ?»፣ «መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ዝውውር የሚያገኘው ማን ነው?»፣ «ከባለቤቴ ጋር የተለያየን ጊዜ»።

ከዚያ በየርዕሱ ጎን ሦስት ጥያቄ መልሱ። ይህን አንብቦ የሚቆጣ ማን ነው? ከእኔ ሌላ ማን አለበት? አንባቢ እንዲያምነኝ ማንነቴን ማወቅ ያስፈልገዋል?

ወረቀቱ ራሱ መናገር ይጀምራል። ስለ ጓሳ፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ አንኮበር ብትጽፉ የሚቆጣ ሰው ብዙም የለም፤ ይልቁንም «ይሄ ሰው አገሩን ያውቃል ወይስ ከአዲስ አበባ ሆኖ ነው የሚያወራው?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። ስማችሁ እዚህ ይጠቅማል። የዝውውሩ ጉዳይ ሲሆን የሚቆጣው አለቃችሁ ነው፤ ጉዳዩ ውስጥ ያላችሁትም እናንተ ብቻ አይደላችሁም፣ ከጎናችሁ የተቀመጠው ባልደረባ ጭምር «አንተ ነህ የነገርከው» ሊባል ነው። የፍቺው ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። የብዕር ስም እናንተን ይሸፍን ይሆናል እንጂ የቀድሞ ባለቤታችሁን አይሸፍንም፤ ጎረቤት ታሪኩን ካወቀው ሁለታችሁንም አወቀ።

አሥሩ ርዕስ ሁለት ቦታ የተከፈለባቸው ሰዎች አሉ። ግማሹ ስም የሚፈልግ፣ ግማሹ ስም የማይችል። ሁለቱን አንድ ቻናል ላይ አትቀላቅሉ። ሁለት ቻናል ከፍቶ በአንዱ በስም፣ በሌላው በብዕር ስም መጻፍ ይቻላል፤ ግን ሁለት ድምፅ ይዞ መኖር አድካሚ ነው፣ አንድ ቀን የአንዱን ለአንዱ መለጠፍም አይቀርም። እኔ ብጠየቅ ከሁለቱ አንዱን ምረጡና ሌላውን ለጊዜው አቆዩት እላለሁ።

2. ሦስተኛውን መንገድ ተመልከቱ

ሰው ምርጫው ሁለት ብቻ ይመስለዋል፤ ወይ በሙሉ ስም ከነፎቶ፣ ወይ ማንም ሳያውቅ ተሰውሮ። በመካከል ግን አባቶቻችን በደንብ የሚያውቁት መንገድ አለ፤ የፈረስ ስም። አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ «አባ ዳኘው» ነበሩ፣ ራስ መኮንን «አባ ቃኘው»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ»። በዚያ ስም የተታለለ ሰው የለም። ስሙ ባለቤቱን አልደበቀውም፤ ለጦር ሜዳው የሚሆን ሌላ ስም ሰጠው እንጂ።

የታወቀ የብዕር ስም የሚሠራው እንደዚያ ነው። ቤተሰብ ያውቃል፣ ጓደኛ ያውቃል፣ በቅርብ የጠየቀ ይነገረዋል። ነገር ግን አለቃችሁ ሙሉ ስማችሁን ጎግል ላይ ቢያስገባ ግጥማችሁ አይወጣም፤ ተማሪዎቻችሁም የመምህራቸውን ስም ፈልገው የፍቅር ታሪክ አያገኙም። ሥራና ጽሑፍ ሳይነካኩ ይኖራሉ። ስሙ ቢታወቅ ደግሞ የሚፈርስ ነገር የለም፣ ምክንያቱም ምስጢር አልነበረም። ከዞኑ ሆነው ለሚጽፉ ለአብዛኞቹ ሰዎች የምመክረው ይህንኑ ነው። ሙሉ በሙሉ መሰወር ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቅ፣ በትንሽ ከተማ ደግሞ እጅግ የሚከብድ ነገር ስለሆነ በቂ ምክንያት ላለው ሰው ብቻ ይቅር።

3. በስም መጻፍ ያለበትን ለዩ

ጤና፣ ሕግ፣ እርሻ፣ የእንስሳት ሕክምና ላይ ምክር የምትሰጡ ከሆነ ስማችሁና ሙያችሁ መታየት አለበት። «ለልጅሽ ትኩሳት ይሄን ስጪያት» የሚል ስም የለሽ ጽሑፍ አንባቢው ባያምነው ይሻለዋል። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ላይ የትኛው መድኃኒት መቼ እንደሚረጭ የሚጽፍ ሰውም ስህተት ቢገኝበት የሚጠየቅ መሆን አለበት።

ታሪክና ባህል የሚሰበስብ ሰውም በብዕር ስም አይሆንለትም። መንዝ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብላችሁ «ጋሼ፣ የድሮውን ይንገሩኝ» ብትሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ነው። አባትህ ማን፣ አያትህ ማን፣ የየት አጥቢያ ሰው ናችሁ ተብሎ መልሱ ካላረካቸው ቡናው ይጠጣል እንጂ ታሪኩ አይወጣም። በዚያ መንገድ የተገኘን ታሪክ ስም በሌለው ገጽ ላይ ማውጣት ለነጋሪውም ክብር አይደለም። ደብረ ሲና የተወለደው ዳኛቸው ወርቁም፣ መርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በገዛ ስማቸው ስለጻፉ ነው ዛሬ ከነትውልድ ቦታቸው የምናነሳቸው።

ከጽሑፍ ሥራ ማግኘት የሚፈልግም በስሙ ይጻፍ። ጋዜጠኛ፣ አስጎብኚ፣ ተርጓሚ መሆን የሚያስብ ወጣት ሁለት ዓመት በብዕር ስም ጽፎ ማመልከቻው ላይ የሚያሳየው ነገር ቢያጣ ልፋቱ ያሳዝናል።

4. ስማችሁ የእናንተ ብቻ አለመሆኑን አስቡ

እኛ የቤተሰብ መጠሪያ የለንም። ስማችንን ስንጽፍ የአባታችንን፣ ሦስት ስናደርገው የአያታችንን ስም እየጻፍን ነው። ወንድምና እህት ሁሉ ያንኑ የአባት ስም ይዘዋል። ስለዚህ «በስሜ እጽፋለሁ፣ የመጣው ይምጣ» የሚል ሰው አባቱንም ይዞ እየወጣ ነው።

ለዚህ የምመክረው ቀላል ነገር ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አባታችሁን፣ በሕይወት ከሌሉ ታላቅ ወንድማችሁን ወይም እናታችሁን አነጋግሩ። ፈቃድ ጠይቁ ማለቴ አይደለም፤ ከሰው አፍ ሳይሆን ከእናንተ ይስሙት። «እማዬ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ላይ ልጽፍ ነው፣ ሰው ሊያወራ ይችላል» ብትሏት የምትሰጣችሁ መልስ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል። የትኛው ባለሥልጣን የማን ዘመድ እንደሆነ፣ የትኛው ቤተሰብ ከቤታችሁ ጋር የቆየ ነገር እንዳለው እናንተ የማታውቁትን ታውቃለች።

የስማችሁን ብርቅነትም ተመልከቱ። ስማችሁም የአባታችሁም ስም በየሰፈሩ የሚገኝ ከሆነ በሙሉ ስም ጽፋችሁ እንኳ ከብዙ ሰው ጋር ትደባለቃላችሁ። በአንጻሩ ስማችሁ በዞኑ ውስጥ አንድ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያ ስማችሁን ብቻ መጻፉም አይሸፍናችሁም።

5. የሚያሳብቀው ስም አይደለም

ሙሉ በሙሉ መሰወር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ይደብቅና ሌላውን ሁሉ ይናገራል። ምሳሌ እንውሰድ። መንዝ ውስጥ አንድ መምህር በብዕር ስም እንዲህ ብሎ ለጠፈ እንበል፦

«ዛሬ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ አልሰማ ስላለ፣ ቾክ ይዤ ዝም ብዬ የኤሌክትሪክ መስመር ሣልኩ። 72 ተማሪ፣ 11 መጽሐፍ።»

ጥሩ ጽሑፍ ነው። ማታ ሻይ ቤት የሚሆነውን ግን አስቡት። «ይቺን አይተሃታል?» ይላል አንዱ። «አይቻታለሁ። የኛ ፊዚክስ ነው እንጂ ማን ይሆናል!» ይመልሳል ሌላው። ዛሬ የዘነበበት ወረዳ ይታወቃል። ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ሰው አንድ ነው። 72 ተማሪ ያለበት ክፍልም አንድ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና መምህሩ መታወቁን የሚሰማው ከሁሉም በኋላ ነው።

ያንኑ ጽሑፍ እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር፦

«ሰኔ ሲገባ ቆርቆሮው ይደበደባል፣ የመምህር ድምፅ አይሰማም። ያኔ ያለው አማራጭ ቾክ ይዞ ዝም ብሎ መሣል ነው። መጽሐፉ ለስድስት ለሰባት ልጅ አንድ ነው።»

ቆርቆሮው አለ፣ ቾኩ አለ፣ እጥረቱ አለ። የወጣው ቀኑ፣ ክፍለ ጊዜው፣ የትምህርቱ ዓይነትና ትክክለኛው ቁጥር ነው። ጽሑፉም አልተዋሸበትም። ይህን ዓይነት እርማት ለማድረግ እንዲህ ሂዱ። ጽሑፉን ጨርሱና ከማውጣታችሁ በፊት አሳድሩት። በማግስቱ አውጡና ቀን፣ ሰዓት፣ የቦታ ስም፣ ቁጥር፣ የሥራ ድርሻ፣ የዘመድ ቁጥር የሚናገረውን ቃል ሁሉ አስምሩበት። ከዚያ በየአንዳንዱ ላይ «ይህ ቢወጣ ጽሑፉ ይጎዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው አይጎዳውም። የግድ መቀየር ካለባችሁ፣ ለምሳሌ ቦታውን ከመንዝ ወደ ሌላ ብታዛውሩት፣ በገጹ መግቢያ ላይ «የሰዎችና የቦታ ዝርዝሮች ተቀይረዋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አኑሩ። ሳይነግሩ መቀየር አንባቢን ማታለል ነው።

ስለ አንድ ክስተት በተፈጠረበት ቀን አትጻፉ። ሁለትና ሦስት ሳምንት፣ ከተቻለም ወር ይለፈው። ስብሰባው ባለቀ በሰዓቱ የወጣ ጽሑፍ ስብሰባው ላይ ከነበሩት ከአሥራ ምናምን ሰዎች አንዱ እንደጻፈው ይናገራል።

የአጻጻፍ ልማድም ያሳብቃል። አንዳንዱ ሰው በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታል፤ አንዳንዱ «ፀሐይ» ይላል፣ አንዳንዱ «ጸሃይ»፤ አንዳንዱ በየዐረፍተ ነገሩ «ማለት ነው» ይጨምራል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤያችሁን የሚያነብ ሰው እነዚህን ሳያስበው ያውቃቸዋል። ምን ምን እንደምታበዙ ለማወቅ አንድ የድሮ ጽሑፋችሁን ለሚያውቃችሁ ሰው ስጡና «የኔ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» በሉት። ይስቅና ይነግራችኋል።

ፎቶ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። ከመስኮታችሁ የተነሳ የጭጋግ ፎቶ ያምራል፤ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትና የጎረቤት ጣሪያ በየትኛው ማዕዘን እንደሚታይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ የቦታ መረጃም አብሮ ሊያስቀምጥ ስለሚችል የካሜራውን ሎኬሽን አጥፉት። ቴሌግራም ላይ ፎቶን እንደ ፎቶ መላክና እንደ ፋይል መላክ ይለያያል፤ እንደ ፋይል ከላካችሁት የተደበቀው መረጃ አብሮ ይሄዳል። ቀላሉ ዘዴ ፎቶውን ከፍቶ ስክሪንሹት ማንሳትና ያንን ቆርጦ መጠቀም ነው። በዎርድ ተጽፎ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረ ጽሑፍም የኮምፒውተሩን ባለቤት ስም በውስጡ ሊይዝ ይችላል። የቢሮ ኮምፒውተር ከሆነ የመሥሪያ ቤቱ ስም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በቢሮ ኮምፒውተር የብዕር ስም ሥራ አትሥሩ።

6. ስሙን ምረጡ

በሙሉ ስም ለሚጽፍ ይህ ክፍል አጭር ነው፤ የስማችሁን አጻጻፍ በአማርኛም በላቲን ፊደልም አንዴ ወስኑና አትቀያይሩት።

የብዕር ስም ለሚያወጣ ግን ጥቂት ነገሮች አሉ። የትምህርት ቤት ቅጽል ስማችሁን አታድርጉት፤ የክፍል ጓደኞቻችሁ የትም አልሄዱም። የክርስትና ስማችሁንም ተዉት፤ ሰፈር ላያውቀው ይችላል፣ እናታችሁና የንስሐ አባታችሁ ግን ባዩት ቅጽበት ያውቁታል። በሕይወት ያለ ሰው ስም የሚመስል ሙሉ ስም አትፍጠሩ፤ የሆነ ቦታ ባለቤት ይኖረዋልና ያልጻፈውን ጽሑፍ ይጠየቅበታል። የሌላችሁን ማዕረግ፣ «ዶክተር» «መጋቢ» «ኢንጂነር» ምንም ቢሆን፣ አትጨምሩ። ስም መደበቅ መብት ነው፤ የሌለን ሙያ መልበስ ግን ማጭበርበር ነው።

ስሙን ከመጀመራችሁ በፊት ጎግል፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ፈልጉት። ሌላ ሰው ከያዘው ሌላ አስቡ።

7. አካውንቱን ክፈቱ

መጀመሪያ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል አዲስ ጂሜይል አውጡ፤ የተጠቃሚ ስሙም የብዕር ስማችሁ ይሁን። ብዙ ሰው ኢሜይሉን አዲስ ያወጣና ስም የሚጠይቀው ቦታ ላይ እጁ ለምዶ እውነተኛ ስሙን ይሞላል። ለአንባቢ መልስ ሲልክ ያ ስም ከላይ ይታያል።

ብሎጋችሁን በዎርድፕረስ ወይም በብሎገር በነፃ መክፈት ይቻላል። የፕሮፋይል ስሙን አንድ ጊዜ ፈትሹ፤ ከዚያ ከአካውንቱ ውጡና ገጹን በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። አንባቢ የሚያየውን በዓይናችሁ እዩ።

ቴሌግራም ላይ ቻናል ስትከፍቱ ተከታዮች የከፈተውን ሰው አያዩም፤ ጽሑፉ በቻናሉ ስም ነው የሚወጣው። የጸሐፊውን ስም ከጽሑፉ ጋር የሚያወጣው «ሳይን ሜሴጅስ» የሚለው እንዳይበራ ብቻ ተጠንቀቁ። ለቻናሉ የኮመንት ግሩፕ ካያያዛችሁ ግን በራሳችሁ አካውንት የመለሳችሁት መልስ ስማችሁን ያወጣል፤ በቻናሉ ስም መመለስን ምረጡ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያየው አድርጉ፣ በቁጥራችሁ ፈልጎ የሚያገኛችሁም ኮንታክታችሁ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ይሁን። ሌላው የሚረሳው ነገር ሼር ማድረግ ነው። እያንዳንዱን ጽሑፍ ወደ ከተማው ግሩፖች ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያመጣ ሰው ባለቤቱ እሱ እንደሆነ ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም።

ፌስቡክ የግል አካውንት በዕለት ተዕለት በምንጠራበት ስም እንዲሆን ይፈልጋል። በብዕር ስም የተከፈተ የግል አካውንት ሪፖርት ከተደረገ ሊዘጋና መታወቂያ ሊጠየቅበት ይችላል፤ መታወቂያው ላይ ያለው ስም ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ የብዕር ስሙን በፔጅ አድርጉት። ፔጁ መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙ ተቀይሮ እንደሆነ፣ አስተዳዳሪዎቹ ከየት አገር እንደሆኑ ለማንም እንደሚታይ ግን እወቁ።

ገንዘብ ላይ ብዙ ሰው ይጋለጣል። «ብሎጉን ለመደገፍ» ብላችሁ የቴሌብር ቁጥር ወይም የባንክ ሒሳብ ከለጠፋችሁ የሚልክላችሁ ሰው ከመላኩ በፊት ሙሉ ስማችሁን ያያል። ለመላክ ባይፈልግም ስሙን ለማየት ብሎ የሚሞክር አይጠፋም። የተሰወረ ሰው ገንዘብ አይጠይቅ።

የይለፍ ቃሉን ጠንካራ አድርጉ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሩ። የብዕር ስም አካውንት ቢጠፋ መታወቂያ አሳይቶ ማስመለስ ስለማይቻል ይህ ከሌላው ሰው ይልቅ ለእናንተ ያስፈልጋል። የጽሑፎቻችሁን ኮፒም ፍላሽ ላይ አኑሩ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጽሑፉን ቴሌግራም ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው የገዛ ሥራውን ማየት አልቻለም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከጎረቤት፣ ከአለቃ፣ ከዘመድ ዓይን ነው። ሲም ካርዳችሁ በመታወቂያ የተመዘገበ ነውና ከሕግ አካል የሚሸሽግ ነገር አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

8. ሕጉን እወቁ

ሦስት ነገር ይበቃል። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የሥራው አመንጪ ስሙ ሳይገለጽ እንዲቆይ ወይም በብዕር ስም እንዲጠቀም መብት ይሰጠዋል። በብዕር ስም መጻፍ ሕጋዊ ነው፤ ጽሑፉም የእናንተው ነው። ሆኖም ሰው ወስዶ መጽሐፍ ቢያደርገው የእናንተ መሆኑን ማስረዳት ስላለባችሁ ረቂቆቹን ከነቀናቸው አስቀምጡ፣ ለአንድ የምታምኑት ሰውም በኢሜይል ላኩ።

ሁለተኛው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። የሐሰት መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስከትላል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሆን ግን እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮው እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። አዋጁ የብዕር ስምንና እውነተኛ ስምን አይለይም። ተከታያችሁ ወደ 5,000 ሲጠጋ ያልተረጋገጠ ወሬ ሼር ማድረግ ትታችሁ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ምክር እንጂ አንቀጽ አይደለም። ስም ሳያወጡ የሌላ ሰው ስም አታውጡ። እናንተ ተሰውራችሁ «እከሌ ጉቦ በላ» ብትሉ እሱ መልስ የሚሰጠው ለማን ነው? ማስረጃ ካለ ወደሚመለከተው አካል ወይም ስሙን አውጥቶ ወደሚጠየቅ ጋዜጠኛ ይሂድ። በብዕር ስም መጻፍ የሚያምርበት አሠራርን ሲነካ ነው።

በስም መጻፍ ከችግር ያድናል የሚልም አለ። ግን በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን፣ ብሎግ ይጽፉ የነበሩ ወጣቶች፣ በገዛ ስማቸው ነበር የሚጽፉት።

9. ሳይታወቅ በፊት ስለ መታወቁ ተዘጋጁ

እያንዳንዱን ጽሑፍ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ነገ ጠዋት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ እኔ እንደጻፍኩት ቢያውቁ ምን እሆናለሁ? «አፍራለሁ፣ ግን ያልፋል» ከሆነ አውጡት። «ሥራዬን አጣለሁ» ከሆነ ሌላ መንገድ ፈልጉለት። «እህቴ ትዳሯ ይፈርሳል» ከሆነ በብዕር ስምም አይወጣም።

«አንተ ነህ እንዴ የምትጽፈው?» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። የፈረስ ስም መንገድ የመረጠ «አዎ» ይላል፣ አለቀ። የተሰወረ ሰው ግን መልሱን ቀድሞ ያዘጋጅ። መማልና መገዘት አያስፈልግም፤ የማለ ሰው ሲታወቅ ከጽሑፉ ይልቅ መሐላው ይወራበታል። «ማንም ይጻፈው፣ ነገሩ እውነት ነው አይደለም?» ብሎ ወሬውን ወደ ጉዳዩ መመለስ ይበቃል። ለወላጅና ለትዳር ጓደኛ ግን አትዋሹ።

በራሳችሁ ፈቃድ ወደ ስማችሁ ለመምጣት ከወሰናችሁ መጀመሪያ የድሮ ጽሑፎቻችሁን ሁሉ ከሥር እስከ ላይ አንብቡ። በተሰወረ ሰው አንደበት ደህና የነበረ ጽሑፍ በስም ሲወጣ ባልደረባን የሚያጋልጥ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን አውርዱ። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱን ስም ጎን ለጎን አድርጉ፤ የብዕር ስሙን የሚያውቅ አንባቢ እንዳይጠፋባችሁ።

ሳትፈልጉ ከታወቀባችሁ ደግሞ በድንጋጤ ምንም አታጥፉ። ገጹ የጠፋ ቀን የተጠረጠረው ሁሉ ይረጋገጣል፣ ስክሪንሹቶቹም መዞር ይጀምራሉ። ቤተሰባችሁን በዚያው ቀን አነጋግሩ፤ የሥራ ጉዳይ ካለበት አለቃችሁ ሳይጠራችሁ ራሳችሁ ሂዱ። ጽሑፍ ውስጥ ስህተት ካለ አርሙት፣ ማረማችሁንም ጻፉ። ለሳምንቱ ተዘጋጅቶ የነበረው ቀጣዩ ጽሑፍ ግን በተለመደው ሰዓቱ ይውጣ።